ቀጥ በል ሲሉት የወደቀ

የባሌዋ ሮቤ ሳይክል ለመማር የተፈጠረች ከተማ ናት። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ለጥ ያለ ሜዳ ማግኘቷ ይገርማል። ዙሪያዋ የስንዴ ማሳ ስለሆነ ፍሬን የተበጠሰበት ልጅ ቢበዛ ስንዴ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የእሱና የማሳው ባለቤት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ቀጥ ብሎ መንዳት ችሎታ አይባልም። ነጂ የሚለየው መታጠፊያ ላይ ነው። እናቶች ከግቢ ብቅ ብለው የሚጮኹትም መታጠፊያ ላይ ነው።

«ቀጥ በል! ቀጥ ብለህ ንዳ! ልትወድቅ ነው!»

ልጁ ዘንበል ባለ ቁጥር የእናትየው ልብ ቀጥ ይላል። አይፈረድባትም። ዘመም ያለ አጥር አይታ ታውቃለች፤ ዘመም ያለ ምሰሶም አይታ ታውቃለች፤ የሁለቱም መጨረሻ ምን እንደሆነ አትረሳውም። ችግሩ፣ ምክሯ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ልጅን ከሳይክል ለመጣል ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ አንደኛ መሆኑ ነው።

ደግነቱ ልጆች አይሰሙም። አንድ ታዛዥ ግን አጋጥሞኛል። ሳይክሉ የኪራይ ነው፤ ቁመቱ ለታላቅ ወንድሙ ስለሆነ እግሮቹ ፔዳሉን የሚያገኙት በየተራ ነው። ጥጉ ላይ ሲደርስ እናቱ እንዳለችው ደረቱን ነፋ፣ ወገቡን ቀጥ አደረገና መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ሳይክሉ ወደ ግራ ሄደ። ልጁ ግን አልተከተለውም፤ ቀድሞ በያዘው አቅጣጫ ቀጠለና በቀኝ በኩል ካለው ቦይ ውስጥ ቁጭ አለ። አከራዩ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያነሳው ሳይክሉን ነው። ጎማውን አሽከረከረ፣ ካቴናውን ነካ ነካ አደረገ፣ መሪው አለመጣመሙን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረና «ተርፏል» አለ። ልጁ ነው ወይስ ሳይክሉ፣ አላብራራም።

ልብ በሉ፤ የታጠፈው ወደ ግራ ነው፣ የወደቀው ወደ ቀኝ። ጉዳዩ በሙሉ እዚህች ውስጥ ነው ያለው።

በመሄድ ላይ ያለ ነገር የሚገፋው ካላገኘ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አቅጣጫ ለመቀየር ወደ ኩርባው መሃል የሚገፋው ያስፈልገዋል። ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከመሬት ጋር የሚገናኘው በሁለት ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው ከሁለት ጣት ብዙም በማትሰፋ ቦታ ነው። መንገዱ የሚገፋው በእነዚያ በኩል ነው፤ ሰበቃ የሚሉት እሱን ነው። እንግዲህ ግፊያው ከሥር ነው። ጎማው ወደ ግራ ሲገፋ ትከሻና ጭንቅላት ገና ወሬው አልደረሳቸውም፤ በነበሩበት መንገድ ይነጉዳሉ። እግር ወደ ግራ፣ ራስ ወደፊት፤ ውጤቱ ቦይ ነው።

መድኃኒቱ ክብደትን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ዘንበል ያለውን ሰው የመሬት ስበት ወደ ውስጥ ሊጥለው ይስበዋል፤ ከሥር ያለው ሰበቃ ደግሞ ወደ ውጭ ሊገለብጠው ይታገላል። ሁለቱ የሚተካከሉባት አንዲት ልክ አለች። እሷን ያገኘ ሰው ወደ አንዱም ወገን ሳይወድቅ ኩርባውን ይዞራል። በአጭሩ፣ እየወደቀ ነው፤ ግን መንገዱ እየተጣጠፈ ከሥሩ ይደርስለታል።

ልኳን በቁጥር ካልሰማሁ ለሚል፤ ፍጥነቱን በራሱ ያባዛል፣ ለኩርባው ሬዲየስና ለ9.8 ያካፍላል፤ የሚወጣው የዘንበልታው አንግል ታንጀንት ነው። ሬዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ኩርባ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለሚዞር ሰው 7 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ያው ሰው ያንኑ ኩርባ በ36 ኪሎ ሜትር ልዙር ካለ 27 ዲግሪ ይጠየቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ነው የሆነው፤ ዘንበልታው ግን አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ፍጥነት በራሱ የሚባዛበት ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ወስዶ ብዙ ያስከፍላል።

ስሌቱ ውስጥ ክብደት እንደሌለ አስተውሉ። የሮቤው እህል ነጋዴና አንድ ቀጭን ተማሪ እኩል ፍጥነት ከያዙ እኩል ነው የሚያዘነብሉት። ለመክሳት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ። ከፍታም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ አራት ሺህ ሜትር ላይ ባለው የባሌ ሳኔቲ አምባ የመሬት ስበት ከባሕር ጠለል የሚያንሰው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ትንፋሽ ያጥራል እንጂ ዘንበልታው ያው ነው።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ማዕዘን ይሥላሉ፣ መሃሉ ላይ «ኤም» ብለው ይጽፋሉ፣ ቀስት ይጨምሩበታል። ያ አራት ማዕዘን እኛ መሆናችንን የነገረን አልነበረም። ፈተናውን አለፍን፤ ሲደወል ወጥተን ሳይክል ተከራየን።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሳይክል የሚነዳ ሰው አቁመህ «ወደ ግራ የምትታጠፈው እንዴት ነው?» ብትለው፣ ምን ነካው በሚል ዓይን አይቶህ «መሪውን ወደ ግራ አዙሬ ነዋ!» ይልሃል። አይደለም። መጀመሪያ ለቅጽበት ያህል፣ በጥቂቱ፣ መሪውን የሚያዞረው ወደ ቀኝ ነው። ጎማው ወደ ቀኝ ፈንጠር ሲል አካሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዘንበልታው ከተገኘ በኋላ ነው መሪው ወደ ግራ የሚመለሰው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እጁ ነው። ባለቤቱ አያውቅም፤ ብትነግረውም ይከራከርሃል።

ከብት የሚጠብቁ ልጆች ዱላ መዳፋቸው ላይ አቁመው ሲጫወቱ ያየ ሰው ግን ቶሎ ይገባዋል። ዱላውን እንዳቆመ ወደ ግራ መሮጥ የፈለገ ልጅ መዳፉን አስቀድሞ ወደ ቀኝ ሸርተት ያደርጋል፤ ዱላው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ከዚያ ተከትሎት ይሮጣል። ዝም ብሎ ወደ ግራ ከሮጠ ዱላው ወደ ኋላ ቀርቶ ይወድቃል።

ማረጋገጥ የሚሻ ሰው ገላጣ ሜዳ ይምረጥና ደህና ፍጥነት ከያዘ በኋላ የግራውን እጀታ በመዳፉ ወደፊት ገፋ ያድርገው። ቀስ ብሎ። መሪውን ወደ ቀኝ ገፋሁት ሲል ሳይክሉ ወደ ግራ ይወስደዋል። መኪናና ጋሪ በሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገባው መንገዱን ማየት ይረሳል።

ነገሩን ካስተዋሉት አንዱ ደግሞ እንደ እኛው አከራይ ሳይክል ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። ዊልበር ራይት ከወንድሙ ከኦርቪል ጋር በአሜሪካ ዴይተን ከተማ በ1892 እ.ኤ.አ. የሳይክል ሱቅ ከፍቶ ነበር። ብዙ ሳይክለኞችን እንዴት እንደሚታጠፉ እየጠየቀ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው አጥቶ እንደነበር ይነገርለታል። ወንድማማቾቹ በ1903 አውሮፕላን ሲያበርሩ ይህ እውቀት አብሯቸው ነበር። በዘመኑ ብዙዎች አውሮፕላንን እንደ መርከብ ሳያዘነብል፣ በመቅዘፊያ ብቻ የሚዞር አድርገው ያስቡት ነበር። እነሱ ግን ሳይክል ሲያዩ ስለኖሩ፣ አየር ላይም መታጠፍ ያለ ዘንበልታ እንደማይሆን ገባቸው። ዛሬ ወደ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደው አውሮፕላን ማሳው ላይ ሲዞር አንዱን ክንፉን ወደ ስንዴው የሚያወርደው ለዚሁ ነው። መስኮት ጥግ የተቀመጠው ሰው ግን ይህን ታሪክ አልሰማም፤ ክንፉ ሲወርድ ከወዲህ «ቢስሚላሂ»፣ ከወዲያ «በስመ አብ» ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ አንዲት ጠብታ አይፈስም፤ ለሻዩ ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ ነው።

አንዳንድ የተማረ ሰው «ሳይክል የማይወድቀው ጎማው ስለሚሽከረከር ነው» ይላል። ይህን አባባል እንግሊዛዊው ዴቪድ ጆንስ ሊፈትን ተነስቶ ከፊት ጎማው ጎን በተቃራኒው የሚሽከረከር ሌላ ጎማ ገጠመና የመጀመሪያውን ኃይል አጠፋው። ሳይክሉ እንደ ልብ ተነዳ። ይህን በ1970 እ.ኤ.አ. ጻፈ። በ2011 ደግሞ የሆላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሳይክልን ያቆማሉ የተባሉትን ሁለቱን ዋና ምክንያቶች አስወግደው አንዲት ትንሽ ሳይክል ሠሩ፤ ነጂ ሳይኖራት ተገፍታ ስትለቀቅ ሚዛኗን ጠብቃ ሄደች። ሊቃውንቱ ክርክራቸውን ይቀጥሉ፤ የሮቤ ልጆች እየነዱ ይጠብቋቸዋል።

ባሌ ግን የዘንበልታን ነገር ለማወቅ ሳይክል እስኪመጣ አልጠበቀም። የፈረስ አገር ነው። ጎባ ላይ አንድ አረጋዊ ፈረሰኛ አግኝቼ፣ እውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ ኖሮ፣ «ሀጂ፣ ፈረስስ ሲታጠፍ ዘንበል ይላል?» አልኳቸው።

ልጓሙን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ ትንሽ አዩኝ። «ዘንበል የማይል ፈረስ ሸጡልህ እንዴ?» አሉ።

«የለም ሀጂ፣ ለማወቅ ያህል ነው።»

«ፈረሱ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው የተቀመጠው ሰው ነው። ፈረሱ ሲያዘነብል አንተ ቀጥ ካልክ ኮርቻው አብሮህ ይዞራል፤ ከዚያ ሆዱ ሥር ነህ።»

እኔም በበኩሌ ስለ ስሌቱ ነገርኳቸው፤ ይህን ያህል ስፋት ያለው ዙር ላይ ዘንበልታው 27 ዲግሪ ይሆናል አልኩ። ሀጂ አሰብ አደረጉና ጠየቁኝ፤ «በሶምሶማ ነው በግልቢያ?»

እንግዲህ ጠቅላላው ፊዚክስ ይኸው ነው። ፍጥነቱን ሳትናገር አንግሉን መናገር ዋጋ የለውም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ማዕዘን ሲሣልልኝ ይህን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ስንት ነገር በገባኝ።

ማዘንበል የማይችለው ምስኪኑ ባጃጅ ነው። ዋና ሥራው ግን በየከተማው ውስጥ፣ በየጥጉ መታጠፍ ነው። ሦስት ጎማ ስላለው ቆሞ አይወድቅም፤ ለዚሁ ሲባል ደግሞ ሲዞር ማዘንበል ተከልክሏል። ባጃጁ ሲታጠፍ የሚያዘነብለው ሕዝቡ ነው፤ ያውም ወደማይፈለገው ወገን፣ ወደ ውጭ። ጥጉን ሲዞር ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ዳር ያለው ተማሪ ከሽራው ጋር ይጣበቃል፤ መሃል ያሉት እናት ዶሮአቸውን እንጂ ራሳቸውን አይዙም፤ ዶሮዋ ብቻ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነገሩን ትታዘባለች። ሾፌሩ ልምድ ካለው ግማሽ ወገቡን ከወንበሩ አውጥቶ ወደ ኩርባው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሰው ያሾፍበታል፤ ትክክለኛውን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ብቻ ነው።

ባጃጅ ላይ ሰዉ የማያየው ሌላም ነገር አለ። ከኋላ ስታየው ሰፊ ይመስላል፤ ከፊት ግን አንድ ጎማ ነው ያለው። ሲገለበጥ የሚገለበጠው ከፊተኛው ጎማ ወደ አንዱ የኋላ ጎማ በሚሄደው ሰያፍ መስመር ላይ ነው። ያ መስመር ደግሞ ከኋላ እንደሚታየው ወርድ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ፊት በሄድክ ቁጥር ወደ መሃል ይጠጋል። ስለዚህ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ትርፍ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ የሚጨመረው ባጃጁ በጠበበበት ቦታ ነው። ጣራው ላይ ኬሻ ከተጫነ ደግሞ ከፍታው ይጨምርበታል። ሾፌሩ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ሲጣራ ያ አንድ ሰው የት እንደሚቀመጥ አይተው ይግቡ።

ሯጮቻችንስ? ቀነኒሳ በቀለ፣ የጎረቤታችን የአርሲ ልጅ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰኮንድ ሲጨርስ በአማካይ በሰኮንድ ከ6.3 ሜትር በላይ እየሄደ ነበር። የመሮጫው ዙር ሬዲየስ 36.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ አዘንብሏል ማለት ነው። በቴሌቪዥን ስናይ ቀጥ ያለ ነው የሚመስለን። ሃያ አምስት ዙር ሙሉ እንዲያ ሲሮጥ ማንም «ቀጥ በል» አላለውም፤ እኛ የምንጮኸው «ሂድ! ሂድ!» እያልን ነበር።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችውም በሯጮች ብቻ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. (1956 እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ላይ ሳይክለኞችም ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል። ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ስለ ሩጫ የምናወራውን ሩቡን እንኳ ስለ እነሱ አናወራም፤ ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ወደ ሳኔቲ ልመለስ፤ ኩርባ የሚባለው ነገር በእውነት የሚገኘው እዚያ ነውና። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳኔቲን ሲወጣ አራት ሺህ ሜትርን ያልፋል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ከዚያው ነው። አምባው ላይ ጅብራው በቁሩ ውስጥ ቆሟል፣ መንገዱም አብዛኛው ዝም ያለ ነው። ጉዱ የሚመጣው ዳርቻው ላይ ሲደረስ ነው። መንገዱ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከላይ ጉም፣ ከታች ጫካ፣ ከሥር ጠጠር። የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ ሞተር ላይ ነው፤ ከኋላው የሐረና ቡና ጭኖ ወይም ሌላ ሰው አፈናጥጦ።

እዚያ ላይ ሁለት ነገር ይደርብበታል። አንደኛው አየሩ ነው። አራት ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለሆነ የሚያግድህ ነገር ይቀንሳል፤ በስበት ብቻ ቁልቁለቱን የምትወርድበት ከፍተኛ ፍጥነት ከባሕር ጠለሉ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ይህንኑ ስስ አየር ፍለጋ ነው። ሮቤ ከሜክሲኮ ሲቲ ከ200 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ።

ሁለተኛው ጠጠሩ ነው። ማዘንበል የሚቻለው ሰበቃው እስከሚችለው ድረስ ብቻ ነው። ደረቅ አስፋልት እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ይሸከማል፤ ልል ጠጠር ግን 17 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለቃል። ሬዲየሱ 10 ሜትር የሆነ እጥፋት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ለመዞር 45 ዲግሪ ያስፈልጋል። ጠጠር ያን ያህል አያበድርም። በዚያ እጥፋት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ያልወረደ ሰው ቢያዘነብል ጎማው ከሥሩ ይሸሻል፤ ባያዘነብል ጫካው ይቀበለዋል። በዚህ ላይ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብለታል፣ ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ስንዴው ሁለት ጊዜ በመምጣቱ እንመሰገናለን፣ ጭቃውም ሁለት ጊዜ መምጣቱን ግን ማንም አያነሳውም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ወደ ሪራ የምትወርድ ከሆነ ፍጥነትህን ኩርባው ከመምጣቱ በፊት ቀንሰህ ጨርስ። ኩርባው ውስጥ ገብተህ ፍሬን ስትይዝ ሰበቃውን ለሁለት እያካፈልከው ነው፤ ከፊሉ ለማቆም፣ ከፊሉ ለመዞር፤ ጠጠር ደግሞ ለአንዱም አይበቃም። ከፊት ያለውን ፍሬን ከያዝክማ ጎማው ተንሸራትቶ ሳይነግርህ መሬት ነህ። ከእጥፋቱ አስቀድመህ አቀዝቅዝ፣ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ከዚያ አዘንብለህ ዙር። አምባው ላይ ሳለህም ቀስ በል፤ ሳኔቲ የቀይ ቀበሮ አገር ነው፣ እሱም መንገዱን የሚያቋርጠው ግራ ቀኝ ሳያይ ነው።